የሄርኩለስ አዳራሽና የሲሲሊ ምክር ቤት፦ ጥንታዊነት የሥልጣን ዋስትና ይሆናልን?

በሲሲሊ ደሴት ርእሰ ከተማ በፓሌርሞ የኖርማኖች ቤተ መንግሥት ይገኛል። በውስጡ ያለው የሄርኩለስ አዳራሽ ስያሜውን ያገኘው ሠዓሊው ጁዜፔ ቬላስኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሣላቸው የሄርኩለስ ገድሎች ነው። ዛሬ 70 አባላት ያሉት የሲሲሊ ክልላዊ ምክር ቤት በዚሁ አዳራሽ ይሰበሰባል። የምክር ቤቱ ጅማሬ ዳግማዊ ሮጀር ዘውድ እስከ ጫነበት እስከ 1130 እ.ኤ.አ. እንደሚደርስ ዘወትር ይነገራል። አባባሉ ጎብኚን ይማርካል፤ የሕግ ተመራማሪን ግን ያሳስታል።

የታሪክ ሐረጉ ተበጥሷልና። የ1812ቱ ሕገ መንግሥት የፊውዳል ሥርዓትን ሽሮ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሁለት ምክር ቤቶች ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ በ1816 የኔፕልስና የሲሲሊ ዘውዶች በአንድ መንግሥት ሲጠቃለሉ ፓርላማው አከተመ። በ1848ቱ አብዮት ቢያንሠራራም ዕድሜው አጭር ነበር። በ1947 ሥራውን የጀመረው ምክር ቤት እንግዲህ የመሳፍንትና የጳጳሳት ጉባኤ ተቀጥላ አይደለም። በሕዝብ ድምፅ የቆመ፣ ሥልጣኑንም ጣሊያን ሪፐብሊክ ከመሆኗ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በ1946 ከጸደቀው ልዩ የራስ አስተዳደር ደንብ ያገኘ አዲስ ተቋም ነው።

ደንቡ ግብርናን፣ ቱሪዝምንና የአካባቢ አስተዳደርን በመሳሰሉ ጉዳዮች ላይ ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለምክር ቤቱ ሰጠ። ከዚህም በላይ በክልሉና በማዕከላዊው መንግሥት መካከል የሚነሣ የሕግ ክርክር፣ አባላቱን ሁለቱ ወገኖች በእኩል ቁጥር በሚመርጡት ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ደነገገ። የራስ አስተዳደሩ እውነተኛ ጋሻ ይህ ነበር። ነገር ግን በ1957 የጣሊያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ዳኝነቱን ወደ ራሱ ጠቀለለው። በ2014 ደግሞ የሲሲሊ ሕጎች ከመታወጃቸው በፊት ይመረመሩበት የነበረው ልዩ ሥርዓት ቀርቶ፣ ሕጎቹ እንደ ሌሎች ክልሎች ሕጎች እንዲታዩ ተወሰነ። አዳራሹ በቦታው ጸንቶ ሳለ የደንቡ ልዩ መልክ አንድ በአንድ ተነሣ።

እርግጥ ነው፣ የጠፋው ፓርላማ ትዝታ ለራስ አስተዳደር ጥያቄ ኃይል ሰጥቷል። ትዝታ ግን ጥያቄን ይወልዳል እንጂ መብትን አይጠብቅም። ክልላዊ ምክር ቤቶችን የሚያጠና ሰው ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተቋሙ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ አይደለም፤ ከማዕከል ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚዳኘው ነው።