ሜታቦሊክ ሲንድረም፦ ሳይሰማን የሚደራረብ የጤና ስጋት

በአርባ ምንጭ ሙዝ፣ ማንጎና የጫሞ ዓሣ በቅርብ ይገኛሉ፤ በጋሞ ዞን ደጋማ ወረዳዎችም እንሰትና ጎመን የዘወትር ምግብ ናቸው። ሆኖም የምግቡ በአካባቢው መመረት ብቻውን ለጤና ዋስትና አይሆንም። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ዜጎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትም በቂ አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይመገቡ አሳይቷል።

ሜታቦሊክ ሲንድረም የስጋቶች መደራረብ ነው። ከሚከተሉት 5 መለኪያዎች ቢያንስ 3ቱ ሲገኙ ችግሩ አለ ይባላል፦

• የወገብ ዙሪያ፦ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፤
• የደም ግፊት፦ 130/85 እና ከዚያ በላይ፤
• ምግብ ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር፦ 100 እና ከዚያ በላይ፤
• ትራይግሊሰራይድ፦ 150 እና ከዚያ በላይ፤
• ጠቃሚው ኮሌስትሮል፦ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች።

እያንዳንዱ በጥቂቱ ሲያልፍ ሕመም ላይሰማ ይችላል፤ በአንድነት ግን ለስኳር፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣሉ። ስለሆነም ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ አይገባም። ወገብን ለመለካት ሜትር ብቻ ይበቃል፤ የደም ግፊትም በጤና ጣቢያ ይለካል።

በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይመከራል፤ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሲጓዙ የመንገዱን ከፊል ከባጃጅ ወርዶ በእግር መሄድ አንድ አማራጭ ነው። ጨው፣ ስኳርና የሚረጋ ዘይት መቀነስ፣ ፍራፍሬን ከመጭመቅ ይልቅ እንዳለ መብላት ይጠቅማል። ሽፈራው መልካም ምግብ ነው፤ ሆኖም በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። መድኃኒት የጀመሩ ተገልጋዮች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ እናሳስባለን።