«ካቃጠለ እየሠራ ነው»

የኮስሞቲክስ ቤት ሻጮች አንድ የማይለወጥ ምክር አላቸው፦ «ካቃጠለሽ እየሠራ ነው፤ ትንሽ ቻይው»። ፊት ላይ ለሚቀባ አሲድ ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ለአፍታ ቆንጠጥ ቢያደርግ ያለ ነው፤ እያቃጠለ ከዘለቀ ግን ቆዳው ተቆጥቷል ማለት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ መቅላቱ ብዙም ላይታይ ይችላል፤ ቁጣው ሲበርድ ግን ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊተው ይችላል። የብጉር ምልክት ለማጥፋት የተገዛው ፈሳሽ ሌላ ምልክት ጨምሮ ያርፋል።

ስለዚህ ምርጫው ከቆዳው ጠባይ ይነሣ። ፊቱ ወዛም ለሆነና ብጉር ለሚያስቸግረው ሰው ሳሊሲሊክ አሲድ ይስማማል። ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ በወዝ የተደፈነውን ቀዳዳ ዘልቆ ያጸዳል፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። አስፕሪን የማይስማማው ሰው ግን ይህን ይተው። ደረቅ ቆዳ ላክቲክ አሲድ ይሻለዋል፤ የሞተውን ቆዳ እያነሣ እርጥበትም ይይዛል። ዝነኛው ግላይኮሊክ፣ ላክቲክም ከሚመደብባቸው ከአልፋ ሃይድሮክሲ አሲዶች ሁሉ ሞለኪዩሉ ትንሹ ስለሆነ፣ ፈጥኖ ይገባል፤ የፍጥነቱን ያህልም ያስቆጣል። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ሞለኪዩላቸው ተለቅ ካሉት፣ ከማንደሊክ ወይም ከግሉኮኖላክቶን ቢጀምር ይሻላል። ማድያት ያለባት፣ በተለይም ነፍሰ ጡር፣ ስለ አዜላይክ አሲድ የቆዳ ሐኪሟን ትጠይቅ።

በቲክቶክ የገነነውን፣ ደም የመሰለውን የአሲድ ፈሳሽ ደግሞ ተመልከቱት። 30 በመቶው አልፋ ሃይድሮክሲ፣ 2 በመቶው ሳሊሲሊክ ነው። መመሪያው ከ10 ደቂቃ በላይ ፊት ላይ እንዳይቆይ፣ ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰውም እንዳይነካው ያዛል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ ሲመጣ ግን ካርቶኑ ቦታ እንዳይዝ ተብሎ ይጣላል፤ ማስጠንቀቂያውም አብሮት ይቀራል።

ሌላው ነገር ፀሐይ ነው። አልፋ ሃይድሮክሲ አሲዶች ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ እየተጠቀሙ ሳለም ሆነ ካቆሙ በኋላ ለአንድ ሳምንት ከፀሐይ መጠበቅ እንደሚገባ በምርቶቹ ላይ እንዲጻፍ መክሯል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረርም ይበረታል። ብርዱ ስለሚያዘናጋን ፀሐይዋን እንንቃታለን።

የኔ ምክር አጭር ነው። አንድ አሲድ ብቻ ምረጡ፤ ዝቅተኛውን መጠን፣ በሳምንት ሁለት ማታ። ካቃጠለ ታጠቡት እንጂ አትቻሉት። ለፀሐይ መከላከያ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ አሲዱ ይቅር።