ኃጢአት ለሁለት፣ ይቅርታ ለአንድ

የፈረንጅ ባለሥልጣን በሴት ጉዳይ ከወንበሩ ወረደ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር እኛ ዘንድ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «አይ ፈረንጅ! ለዚህ ተብሎ ሥልጣን ይለቀቃል እንዴ?» ትንሽ ያነበበው ደግሞ «የግል ሕይወቱ ለሕዝቡ ምኑ ነው?» ብሎ ይጨምርበታል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ለምን እንደማልቀበል ለማስረዳት የፕሮፉሞን ታሪክ ላንሳ።

ጆን ፕሮፉሞ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1961 ክሊቭደን በተባለው የባለጸጎች ርስት፣ መዋኛ ገንዳ ዳር፣ ክሪስቲን ኪለር ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ። እሱ የ46 ዓመት ባለትዳር፣ እሷ የ19 ዓመት ልጅ። ግንኙነታቸው ብዙም አልቆየም። ነገሩን ያከበደው ልጅቱ ለንደን ከነበረው የሶቪየት የባህር ኃይል አታሼ ከኢቫኖቭም ጋር ትቀራረብ ነበር መባሉ ነው። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት መሆኑን አትርሱ።

ወሬው ሲናፈስ ሚኒስትሩ ማርች 22 ቀን 1963 ምክር ቤት ፊት ቆሞ ከልጅቱ ጋር ምንም ነውር አልፈጸምኩም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ጁን 5 ቀን መዋሸቱን አምኖ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተሰየሙት ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ በዚያው ዓመት ባወጡት ሪፖርት የአገር ምስጢር ወጥቶ አላገኙም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰውዬውን የጣለው ምላሱ ነው። የግል ሕይወት ነው የሚሉኝ እስቲ ይመልሱልኝ፤ ምክር ቤት ቆሞ መዋሸትም የግል ሕይወት ነው? ስለ ራሱ የዋሸ ሚኒስትር ስለ ጦሩ ሲናገር ማን ያምነዋል?

ከዚህ በኋላ ያለው የንስሐ ምሳሌ ሆኖ ሲተረክ ኖሯል። ፕሮፉሞ ምሥራቅ ለንደን ወደሚገኘው ቶይንቢ ሆል የበጎ አድራጎት ድርጅት ሄዶ ሳህን ከማጠብ ጀመረ። ያለ ደመወዝ ለዐሥርት ዓመታት አገለገለ። በ1975 ኒሻን ተሸለመ። በ1995 ማርጋሬት ታቸር 70ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ግብዣው ላይ ከንግሥቲቱ ጎን ተቀመጠ። በ2006 በ91 ዓመቱ ሲሞት ስሙ ታጥቦ ነበር። ይሄን አላናንቅም። ከሚኒስትርነት ወርዶ ሳህን ማጠብ ለማንም አይቀልም።

ግን ሌሎቹስ? ሁለቱን ያገናኘው ስቲቨን ዋርድ የለንደን ትልልቅ ሰዎች ወጌሻ ነበር። በሴቶች ገላ ገቢ ይተዳደራል ተብሎ ተከሰሰ። ወዳጆቼ ያላቸው ታላላቅ ሰዎች ሸሹት። ችሎቱ ሳያልቅ የእንቅልፍ መድኃኒት አብዝቶ ወሰደና ኦገስት 3 ቀን 1963 ሞተ። ኪለር ደግሞ በሌላ ጉዳይ በሐሰት መስክራለች ተብላ ዲሴምበር 1963 የ9 ወር እስራት ተፈረደባት።

እሱም ዋሸ፣ እሷም ዋሸች። የእሱ ውሸት ከሥራ አስወጣው፣ የእሷ ወህኒ አወረዳት። ያለ ደመወዝ ማገልገል የቻለውም እኮ የወረሰው ሀብት ስለነበረው ነው! እሷ በምኗ ታገልግል? ንስሐውም ገንዘብ ይፈልጋል ማለት ነው። በ2017 በ75 ዓመቷ ስትሞት እንኳ ጋዜጦቹ ያስታወሷት በዚያው በ19 ዓመቷ ነገር ነው።

እኛም ቤት ያው ነው። የትልቅ ሰው ነውር ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሴትዮዋ ማናት?» ነው። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ምን ለብሳ እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር ታይታ እንደነበር ይቆጠራል። እሱ «ምን ያድርግ፣ ወንድ ልጅ አይደል!» ይባልለታል፤ እሷ ሰፈር ትቀይራለች። ይሄን የምንለው ደግሞ ያልተማርነው ብቻ አይደለንም፤ ዲግሪ የደረደርነውም ቡና እየጠጣን እንለዋለን።

ስለዚህ የምለው ሁለት ነገር ነው። የዋሸ ባለሥልጣን ይውረድ፤ «የግል ጉዳዩ ነው» እያልን ጥላ አንያዝለት። ይቅርታ ስናደርግ ደግሞ ለሁለቱም በአንድ ቁና እንስፈር። እሱ ቢያንስ የሚለቀው ሥልጣን ነበረው፤ እሷ የነበራት ስሟ ብቻ ነው፣ እሱንም እኛ ወሰድንባት።