የካምፓላ መምህራን እኩል ይታዩ

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1997 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ስትከፍት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ጎረፉ። ክፍሉም መምህሩም ግን በዚያው ልክ አልጨመሩም፤ ሸክሙ በአስተማሪው ጫንቃ ላይ ወደቀ። በኮቪድ ምክንያት ከመጋቢት 2020 እስከ ጥር 2022 ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሲዘጉ ደግሞ ብዙ የግል ትምህርት ቤት መምህራን ያለ ደመወዝ ቀሩ፤ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወጥተው ያልተመለሱም አሉ።

በ2022 የመጣው የደመወዝ ጭማሪ ሌላ ቁስል ከፈተ። ዲግሪ ላለው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር በወር 4 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲከፈለው ሲወሰን፣ በዚያው ግቢ ታሪክ የሚያስተምረው ባልደረባው የዚህን ሲሶ እንኳ አያገኝም ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአገሪቱ የመምህራን ማኅበር ይህን ልዩነት በመቃወም አድማ ጠራ። እኛ ቅሬታው ትክክል ነው እንላለን፤ ማንበብ በቅጡ የማይችል ልጅ ፊዚክስን ከየት ያመጣዋል?

እንዲህም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ ይዘው የሚገቡ አሉ። ፊደል መለየት አቅቶት የነበረ ልጅ አንድ ቀን ገጹን ያለ ዕርዳታ ሲያነብ የሚሰማው አስተማሪ፣ ደስታው ከልብ ነው። ይህ ደስታ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

የኡጋንዳ መንግሥት የደመወዝ ልዩነቱን በአስቸኳይ ያጥብብ። በካምፓላ ሰፈሮች በካባላጋላና በካንሳንጋ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም የልጆቻችሁን መምህራን ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ፤ በምትችሉት ሁሉ ከጎናቸው ቁሙ።