ከወደቡ አጥር ወዲያ

የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች አብዛኞቹ ጅቡቲን የሚያውቋት በሰነድ ነው። በፋክቱሩ ራስጌ፣ በመርከብ ጭነት ሰነዱ ግርጌ፣ በመጋዘን ኪራይ ደረሰኝ ላይ ስሟን ሳናነብ የምንውልበት ሳምንት የለም። ከ1998 ወዲህ፣ ማለት የአሰብ መንገድ በጦርነቱ ምክንያት ከተዘጋ ጀምሮ፣ ወደ አገራችን ከሚገባውና ከአገራችን ከሚወጣው የባሕር ጭነት ከዐሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚያልፈው በዚያች ከተማ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮጳውያን አቈጣጠር የምጽፈው ፋክቱሮቻችንም የሚጻፉት በዚሁ ስለ ሆነ ነው።) ይሁን እንጂ ስሟን በየቀኑ ከምንጽፈው ሰዎች መካከል የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በዐይኑ ያየ ጥቂት ነው። የምንሄደው ወደ በሩ ነው፤ የምንመለሰውም ከበሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ነጋዴ ከወደቡ አጥር አልፎ የባሕሩን ዳርቻ ማየት፣ እንግዳም ቢመጣበት ማሳየት የሚገባው ለመዝናኛ ብቻ ሳይሆን ለንግዱ ሲል ጭምር መሆኑን ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ታኅሣሥ ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ያደረግሁት ጉዞ ነው። እኔ የአንድ አስመጪ ጸሐፊ ነኝ፤ የአሠሪዬን ዕቃ ለማስለቀቅ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ጓደኛዬ በመርካቶ የቤት ዕቃ ሱቅ አለው። በራሱ ስም ዕቃ ሲያስመጣ ሁለተኛ ጊዜው ሲሆን፣ ጅቡቲን በእግሩ ሲረግጥ ግን የመጀመሪያው ነበር። በጭነት ሰነዱና በፋክቱሩ ላይ የተጻፈው የካርቶን ቍጥር አልገናኝ ስላለ ኮንቴነሩ ተይዞበት መጣ። ሐሙስ ከቀትር በኋላም «እሑድ ተመለሱ» ተባልን።

እዚህ ላይ ለአዲስ አስመጪዎች አንድ ነገር ላስታውስ። የጅቡቲ መሥሪያ ቤቶች ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፤ እኛ ደግሞ እሑድ እናርፋለን። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ማኅተም የሚሻ ሰነድ ሐሙስ ካልተፈጸመ እስከ ሰኞ ሊቈይ ይችላል። ጓደኛዬ እነዚህን ቀናት በሆቴል አልጋ ላይ ጋደም ብሎ፣ በየሰዓቱ ስልክ እየደወለ ሊያሳልፋቸው ተዘጋጅቶ ነበር። «ዕቃዬ ብቻ ይውጣልኝ እንጂ ወደዚህ አገር ዳግመኛ አልመጣም» እያለም ይማረር ነበር። ስልክ የሚያነሣ በሌለበት ቀን መቈጣት ትርፍ እንደሌለው ነግሬው፣ ዓርብ ገና ጎሕ ሳይቀድ መኪና ተከራይተን ወጣን።

የመጀመሪያው ትምህርት የተገኘው ባሕሩን ሳናይ ነው። ከከተማው ወጣ እንዳልን፣ ፒኬ ዐሥራ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ ሰሌዳ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው አገኘን። የኤሌክትሪክ ባቡሩ ከ2018 መባቻ ጀምሮ ቢያመላልስም፣ የሚበዛው ጭነት ዛሬም የሚጓዘው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ሻይ ስንጠጣ አንድ ጠና ያሉ የወሎ ሰው አጠገባችን ተቀመጡ። ጭነት ሲጠብቁ ስድስተኛ ቀናቸው እንደ ሆነ፣ ሌሊቱን ከመኪናው ሥር ሸራ አንጥፈው እንደሚያድሩ፣ ውሃውንም እየገዙ እንደሚጠጡ አጫወቱን። ጓደኛዬ፣ «ሲዘገዩ ከኪራዩ ይቈረጥብዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ «እንዴታ! ባለ ዕቃው ከመርካቶ ሆኖ እኛን በምን ዐይኑ ያየናል፣ ልጄ?» አሉት። ጓደኛዬ ዝም አለ። በመንገድ ላይ ቈይቶ እንደ ነገረኝ፣ በመጀመሪያው ጭነቱ ጊዜ ስለ ዘገየ ከሾፌሩ ላይ የሦስት ቀን ቈርጦ ኖሯል።

ወዓ ከምትባለው መንደር አለፍ ሲሉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው በዲክሂል በኩል ወደ ጋላፊ ድንበር ይሄዳል፤ የጭነት መኪናዎቹ የሚጐርፉትም በእርሱ ነው። የቀኙ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጫፍ ይወስዳል። በዚህኛው ተጕዘን ከገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ የጉቤት ውሃ ከበታቻችን ተዘረጋ። ዙሪያውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስላጠረው ባሕር ሳይሆን የተከደነ ገንዳ ይመስላል። የዲያብሎስ ደሴት የሚሏትም እመካከሉ ተቀምጣለች። ከዚያ አልፎ ያለው ምድር ገና አላረፈም፤ በ1978 ኅዳር አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል ሲሆን፣ ምድሩም ዛሬ ድረስ በዝግታ እየተሰነጠቀ ይሰፋል።

አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በአፍሪቃ ምድር ከእርሱ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም። ውሃው ከባሕር ውሃ ዐሥር እጅ ያህል ጨዋማ ነው። ከጥቁሩ ድንጋይ ቍልቍል ወርዶ ነጩን ጨው የረገጠ ሰው በረዶ ላይ የቆመ ይመስለዋል፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያስተባብለው። ነጋዴ ግን ምድርን የሚያየው በነጋዴ ዐይን ነውና፣ ጓደኛዬ ጨዉን በእጁ ዘግኖ ዋጋውን ጠየቀ። የዓፋር ቅፍለቶች ከዚህ ሐይቅ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ያወጡ እንደ ነበር፣ ወደ ባሕሩም የሸዋን ዕቃ ይዘው ይወርዱ እንደ ነበር ነገርሁት። ዛሬ የአሳል ጨው በ2017 በተከፈተው የጉቤት ወደብ በኩል በመርከብ ወደ ውጭ ይላካል። እኛ ወደብ እንጂ ገበያ የማይመስለን ስፍራ ከጥንት ጀምሮ ገበያ ነበር።

በታጁራ ከተማ አደርን። ቤቶቿ ነጫጭ ናቸው፤ ከበስተኋላዋ የጎዳ ተራራዎች ይታያሉ፤ ከአናታቸውም የጥድ ደን አለ። በባቡሩ ዘመን ከተረሳች በኋላ ይህችን ከተማ የሚያነሣት የለም እንጂ፣ ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ የሸዋ የባሕር በር ከነበሩት አንዷ እርሷ ነበረች። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተነሡት ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ራምቦም ነጋዴ በሆነበት ዘመን ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ቅፍለት የሚነሣበትን ቀን ሲጠብቅ በታጁራ ወደ አንድ ዓመት ተጠግቶ ቈየ። ተነሥቶ በ1887 ሸዋ ሲደርስ ደግሞ ያሰበውን ዋጋ አላገኘም። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀና፣ «የእኔስ አራት ቀን ነው!» አለ።

ማታ ከሁለት ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በላን። ያስተናገዱን ሰው ቲማቲሙና ሽንኵርቱ ከእኛ አገር እንደ መጣ ነገሩን። ነገሩ በቲማቲም አያበቃም። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ የእኛን ኤሌክትሪክ ታበራለች፤ ከ2017 ጀምሮ ከሶማሌ ክልላችን ምድር የተቀዳ ውሃ በቧንቧ ይደርሳታል፤ ጫቱም በየቀኑ ይወርድላታል። እኛ ያለ ወደቧ አንነግድም፤ እርሷም ያለ እኛ ውሃና መብራት ምቾቷ ይጐድላል። ይህን ያየ ሰው በወደቡ መስኮት ፊት ሲቆም አቋቋሙ ይለወጣል፤ ከበረኛ ጋር የሚጣላ ሰው መሆኑ ቀርቶ ከጐረቤት ጋር የሚነጋገር ይሆናል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ። አንዳንዱ፣ «ነጋዴ ጊዜ የለውም፤ ኮንቴነር ተይዞበት ተራራ የሚያይ ማን ነው?» ይል ይሆናል። ትክክል ነው፤ ጉዞአችን የጓደኛዬን ኮንቴነር በአንዲት ሰዓት እንኳ አላፈጠነለትም። እሑድ ሰነዱን አስተካከልን፤ ማክሰኞ ተለቀቀ። ሆቴል ቢተኛም የሚለቀቀው ማክሰኞ ነበር። ወጪውም ቢሆን ለመኪና ኪራይና ለአንድ አዳር የከፈልነው ነው። ያተረፈው ግን የሚቈጠር ነው። አዲስ አበባ ተመልሶ ከአጓጓዡ ጋር ውል ሲፈራረም፣ በወደብ ውስጥ ያለ ሾፌሩ ጥፋት የሚያልፈው ቀን ከኪራዩ እንዳይቈረጥ የሚል ዐንቀጽ አስገባ። ይህንንም ያደረገው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ የሚቈረጥበት ሾፌር ሲቸኵል ዕቃውን እንደሚሰብር ስለ ገባው ነው። የሳሕንና የብርጭቆ ነጋዴ ይህን ሒሳብ ለመረዳት ብዙ አያስቸግረውም።

ስለ ወቅቱም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚሉት ትኵስ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚያ ጊዜ እንግዳን ወደ አሳል መውሰድ መቅጣት ነው። የሚመረጠው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው፤ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጠው ዓሣ ነባሪ የሚመስለው ሻርክ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጣው፣ የሩቅ አገር ጐብኚዎችም እርሱን ለማየት የሚጐርፉት በዚሁ ወራት ነው። የበጋውን ሙቀት የቀመሰ ነጋዴ ደግሞ ከረሜላውን፣ ቅባቱንና መድኃኒቱን በየትኛው ወር ማስጫን እንደሌለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

እንግዲህ ሐሳቤን በሁለት ነገር ልጠቅልል። አንደኛ፣ ጸሐፊውን ወይም ልጁን ለዕቃ ማስለቀቂያ ወደ ጅቡቲ የሚልክ ባለ ንግድ አንዲት ዓርብ እንዲጨምርለት እለምናለሁ፤ ሰነድ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ ሰነዱ ሲጠፋው ምንም የሚያውቀው ነገር አይቀረውም። ሁለተኛ፣ የንግድ ምክር ቤታችን በየዓመቱ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ለአባላቱ አንድ ጉዞ ቢያዘጋጅ፣ ከወደቡ ጋርም ፒኬ ዐሥራ ሁለትን፣ አሳልንና ታጁራን ቢያስጐበኝ፣ ከዚያ አገር ነጋዴዎችም ጋር በአንድ ማዕድ ቢያስቀምጠን ወጪውን ራሳችን ልንሸፍነው የምንችል ነው። ዕቃችን በየቀኑ የሚያልፍበትን ምድር ባለቤቱ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው መቅረቱ ለእንግዳ ቢነገር የሚያሳፍር፣ በሒሳብም ቢታሰብ የሚያከስር ነው።