ቢቸናና ሞጣ አረንጓዴ ቦታቸውን ዛሬ ይከልሉ

ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚሸነሸነው ባዶ መሬት ነው። ሁሉም ለቤት፣ ለሱቅና ለመንገድ ከተሰጠ በኋላ ግን ሕፃናት የሚቦርቁበት፣ አረጋውያን አረፍ የሚሉበት ጥላ ከየት ይመጣል? የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ 30 በመቶው መሬት ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። በማደግ ላይ ያሉት የጎጃም ከተሞች ቢቸናና ሞጣ ይህን ለመፈጸም ዛሬ ይቀላቸዋል፤ ከተገነባ በኋላ ቦታ ማስለቀቅ ካሳም እንባም ያስከፍላል።

ዛፍ ለከተማ ጌጥ ብቻ አይደለም። የበጋውን ፀሐይ ይከልላል፣ አቧራ ያስቀራል፤ የክረምቱን ዝናብ ወደ መሬት እያሰረገም ጎርፍን ያበርዳል። ከሥሩ ተማሪ ያጠናል፣ ጎረቤት ይጨዋወታል፣ የተጣላም ይታረቃል።

ዛፍ የማቆየቱ ትምህርትም ሩቅ አይደለም። በጎጃም ደጋ ወይራው፣ ጽዱና ዋንዛው ከምንጣሮ ተርፎ የቆየው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ጠባቂ ስለነበረው ተረፈ።

የከተማ ዛፍም ጠባቂ ይሻል። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ሊቆጠር የሚገባው ግን የጸደቀው ነው። ማዘጋጃ ቤቶቹ ቦታውን በፕላን ለይተው ያስከብሩ፤ ውሃ ከሚመጥ ባሕር ዛፍ ይልቅ አገር በቀሉን ይምረጡ። እድሮችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ በየሰፈራቸው የተተከለውን ተረክበው በበጋ ያጠጡ፣ ከከብት ይጠብቁ። ለአረንጓዴ የተከለለ መሬት ለማንም፣ በምንም ምክንያት ሊሸነሸን አይገባም።