ኅዳር ሲታጠን፣ ሳንባ ሲታፈን

ኅዳር 12 ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆች ከየግቢው ማዳበሪያ እየጎተቱ ይወጣሉ። ማዳበሪያው ውስጥ የሌለ ነገር የለም፦ የተቀደደ ጫማ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ዳይፐር፣ ፌስታል ውስጥ የታጨቀ ሌላ ፌስታል። ሁሉም መንገድ ዳር ይከመራል። አንዱ ጎረምሳ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ መጥቶ ከላይ ይጭንበታል፤ ክብሪት ይጫራል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ያለብሰዋል። ደጃፍ ላይ የቆሙት “በሽታውን ይዞ ይሂድ” እያሉ ይመርቃሉ። ከአንዱ ቤት አስም ያለበት ሰው ሲያስል ይሰማል። መስኮት የሚዘጋለት እንጂ እሳት የሚያጠፋለት የለም።

ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። ልጅ ሆኜ ማዳበሪያ ጎትቻለሁ፤ የኛ ሰፈር እሳት ከማዶው ሰፈር እንዲበልጥ ጎማ ፍለጋ ዞሬያለሁ። ጠዋት ከሚካኤል ደጅ የዕጣን መዓዛ ይዞ የተመለሰው የእናቴ ነጠላ ማታ የላስቲክ ጭስ ሲሸት፣ ሁለቱም ሽታ የበዓሉ አካል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አይመስለኝም። ኅዳር 12 ከተማን የማጽዳት ቀን ሆኖ ነበር የጀመረው፤ እኛ አየርን የማቆሸሽ ቀን አደረግነው። ያደረግነውም “ባህል ነው” በሚል ሽፋን ነው።

ባህሉ ከየት መጣ? በ1911 ዓ.ም.፣ ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ መታት። ውጭ አገር “የስፔን ጉንፋን” ተባለ፤ እኛ በበረታበት ወር ስም “የኅዳር በሽታ” አልነው። በዓለም ዙሪያ የጨረሰው ሕዝብ 50 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል፤ በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን በጻፉበት መጽሐፍም በአዲስ አበባ ያለቀው ሰው ከዐሥር ሺህ እንደሚበልጥ መዝግበዋል። ለዚያን ጊዜዋ ትንሽ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ቀባሪው ራሱ ተቀባሪ ሆነ። ከተማዋ ደግሞ የፍሳሽ መውረጃም ቆሻሻ አንሺም አልነበራትም፤ የጽዳት ሠራተኞቿ ቀን ውሻ፣ ሌሊት ጅብ ነበሩ። ሰው ጥንብ፣ ፍግና የበሰበሰ ጭድ ከየደጃፉ ጠርጎ አቃጠለ፤ ጸሎት አደረሰ፤ ቤቱን አጠነ። በሽታው ሲያልፍ ቀኑ መታሰቢያ ሆኖ ቀረ፦ ኅዳር ሲታጠን።

ያን ትውልድ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። መጥፎ ሽታ ያለው አየር በሽታ ያመጣል የሚለው እምነት በሌላውም ዓለም ብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነበር። አያቶቻችን በነበራቸው ዕውቀት ልክ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ላቃጠሉት ቆሻሻ የሚወቅሳቸው የለም። ያቃጠሉት ምድር ያበቀለችውንና ከብት የጣለውን ነበር፤ ሳይቃጠል ቢቀር እንኳ በክረምት በስብሶ አፈር የሚሆን ነበር።

ከዚያ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1925 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ነገር ተገኘ። መጋቢት ላይ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ተመራማሪዎች ሳያስቡት ነጭ ሰም መሰል ነገር አገኙ፤ ፖሊኢትሊን ይባላል፤ የዛሬው ፌስታል እናት ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ያሉ ሐኪሞች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ለይተው አወቁ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውም በትንፋሽ፣ በሳልና በንክኪ እንጂ ከቆሻሻ ክምር እየተነሳ አይደለም። እንግዲህ በ1911 ዓ.ም. እሳት የለኮሱት ሰዎች ፌስታልንም ቫይረስንም አያውቁም ነበር። እኛ ግን ሁለቱንም እናውቃለን፤ እያወቅን እናቃጥላለን። ለእነሱ ምክንያት የሆነላቸው አለማወቅ ለእኛ አይሆንም።

“እሳት ካየው ምን ለየው” ይላል ያገሬ ሰው። ስለ ወጥና ስለ ጥብስ ከሆነ እሺ። ስለ ፌስታልና ስለ ጎማ ከሆነ ግን ተረቱ ያሳስታል፤ መርዙን የሚፈታው እሳቱ ነውና። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን፣ የሰው ሠራሽ ቆዳ ጫማና ስባሪ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ናቸው። ሜዳ ላይ ሲነዱ ዳዮክሲን የተባለ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ይወጣቸዋል። መርዙ ከጭሱ ጋር በንኖ አይጠፋም፤ አመዱ ውስጥና አፈሩ ላይ ይቀመጣል፤ በእንስሳት ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ግቢ ውስጥ የምትጭር ዶሮ አፈሩን ትለቅማለች፤ እኛ እንቁላሏን እንበላለን። ሰፈሩን የሚያለብሰው ጥቁር ጭስ ደግሞ ከፀጉር ክር እጅግ የቀጠነ ብናኝ ተሸክሟል። አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ጥግ ይደርሳል፤ ከሳንባም ወደ ደም ይገባል። ጊዜውም ቢሆን አልተመረጠም። በኅዳር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከእንጦጦ ሥር ባለችው ከተማ ላይ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ ክዳን ይገጥማል። ጭሱ በሽታውን ይዞ አይሄድም። እዚያው ከእኛ ጋር ያድራል።

ከጉንፋን ያድናል የተባለው ነገር ለጉንፋን በር ከፋች መሆኑ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጭስ የሚያቃጥለው የመተንፈሻ አካል ጀርም የመከላከል ኃይሉ ይቀንሳል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የተማርነው ምን ነበር? እጅ መታጠብ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ መራራቅ፣ መስኮት መክፈት፣ ኋላም ክትባት። ኅዳር 12 ማታ የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መስኮት የሚያዘጋ ጭስ እንለቅና ቤተሰቡን አንድ ክፍል ውስጥ እናጉራለን።

አንድ ዓመት ይህንኑ ለጎረቤታችን ለአንዲት እናት ለማስረዳት ሞከርኩ።

“እማማ፣ ይኼ ላስቲክ እኮ ለልጆቹ ሳንባ ጥሩ አይደለም።”

“ልጄ፣ እናቴም ታቃጥል ነበር። ምንም አልሆነችም።”

“እናትዎ ፌስታል ነበራቸው እንዴ?”

ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። “ኧረ የምን ፌስታል! ዘንቢል ነበራት፤ እሱም እስኪያልቅ ዐሥር ዓመት ያገለግላል።”

ሙግቱን እሳቸው ጨረሱልኝ። የእናታቸው እሳትና የእኛ እሳት ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም።

“በዓላችን እኮ ያለ ጭስ አይሆንም፤ ደመራውስ? ቡሄውስ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ከራሱ ከደመራው ይገኛል። መስከረም 16 ደመራ ሲነድ የሚነደው እንጨት፣ ችቦና አደይ አበባ ነው። እሳቱ ሲበርድ ምእመኑ አመዱን በጣቱ እየነካ ግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋል። ኅዳር 12 ከነደደው ከጎማና ከዳይፐር ክምር አመድ ዘግኖ ግንባሩን የሚቀባ ማን ነው? የልጁን ግንባርስ የሚቀባ? በግንባራችን ልናስነካው የምንጸየፈውን በሳንባችን እንዴት እናስገባዋለን? ስሙም ቢሆን ይመሰክርብናል። መታጠን ከዕጣን ነው። ዕጣን ለአምላክ የሚቀርብ፣ ቡና ሲፈላ ቤት የሚያውድ መዓዛ ነው። ጎማ ለኩሶ “ታጠንን” ማለት በቃሉም መቀለድ ነው።

“በዓመት አንድ ቀን ምን አለበት? መኪናውና ፋብሪካው በየቀኑ ያጨስ የለም ወይ?” የሚለውም ክርክር ከሩቅ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። ዳሩ ግን የኅዳር 12 ጉዳት በአንድ ቀን አያበቃም፤ ቀሪውን ዓመት ይመርቀዋል። በዓል ትልቅ መምህር ነው። ልጅ “ቆሻሻ ሲቃጠል ጸዳ ይባላል” የሚለውን ትምህርት በበዓል፣ በሳቅና በጭፈራ ከተማረ፣ አድጎ ጥር ላይም ግንቦት ላይም ከጓሮው ፌስታል ያነዳል፤ ሱቅ ቢከፍት ማታ ካርቶኑን ከነፕላስቲኩ ደጁ ላይ ይለኩሳል። ማንም ክፉ ሥራ ሠራሁ ብሎ አያስብም። እንዲያውም አጸዳሁ ይላል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ግን ሐቅ አለበት፤ “አታቃጥሉ” ባዮች ሳይመልሱት ስለሚሄዱ ነው ሰሚ የሚያጡት። ነዋሪው እንዲህ ይላል፦ “ላላቃጥለው እሺ፤ የት ላድርገው?” የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ሂሳብ ጋር ይከፍላል፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ግን አንዳንዱ ሰፈር ሳምንት ዘለው ይመጣሉ። ገንዳው ሞልቶ ፈሷል። ቢነሳስ የት ይሄዳል? ለአሥርተ ዓመታት የሄደው ቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ተራራ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ከነቤታቸው ቀብሯል። እኛ ከደጃችን ያራቅነው ቆሻሻ የሰው ደጅ ላይ ነበር። እንግዲህ በየዓመቱ ኅዳር ሲደርስ “እንዳታቃጥሉ” ብሎ ማሳሰብ ብቻውን የመንግሥት ሥራ አይባልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን በየሱቁ እንደ ልቡ ከረመ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጽድቋል። አዋጅ ያለ ጋሪ፣ ያለ መኪናና ያለ ተከታታይ ክትትል ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ኅዳር 12 ከሌላው ጋር ይነዳል።

ይሁን እንጂ የመንግሥት መድከም ለእኛ ክብሪት ፈቃድ አይሆንም። ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡናና የጠላ አተላ፣ ለበዓል ጎዝጉዘን የጠረግነው ቄጤማ። ይህ ጉድጓድ ቢገባ በወራት ማዳበሪያ ይሆናል፤ እውነተኛው ማዳበሪያ እንጂ ጆንያው አይደለም። ሃይላንዱን፣ ጣሳውን፣ ጠርሙሱንና አሮጌ ጫማውን በየሰፈሩ “ቆራሌው!” እያሉ የሚዞሩት ልጆች ገንዘብ ከፍለው ይወስዱታል። እኛ ጭስ የምናደርገውን እነሱ እንጀራ ያደርጉታል። ከዚህ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ያን ትንሽ አሥሮ መኪና እስኪመጣ ማቆየት የሚያቅተው ቤት ጥቂት ነው።

ስለዚህ ኅዳር 12 ይቅር አልልም። ይመለስ እላለሁ። ዕድሮች ለልቅሶ ድንኳን በአንድ ቀን ሰው ሲያሰልፉ የሚችላቸው የለም፤ ለዚህም ቀን መጥረጊያና አካፋ ይዘው ይውጡ። የተደፈነው ቱቦ ይከፈት፤ የወንዙ ዳር ፌስታል ይለቀም፤ የሚሸጠው ለቆራሌ፣ የሚበሰብሰው ለጉድጓድ ይለይ። ወረዳው በሌላ ቀን አንድ መኪና የሚልክ ከሆነ በዚያ ቀን ሁለት ይላክ፤ መኪናው ካልመጣም ነዋሪው ወረዳው ደጅ ሄዶ ይጠይቅ። ትምህርት ቤቶች የ1911ዱን ወረርሽኝ ለልጆች የሚያስተምሩበት ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ማታ ቤት ገብተን ቡና ይፈላ፤ ከሰሉ ላይ እውነተኛ ዕጣን ጣል ይደረግ፤ በዚያ ኅዳር ያለቀባሪ የቀሩት ይታሰቡ።

እንችላለን፤ አድርገን እናውቃለንና። በጥምቀት ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ቀድመው መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም፤ ታቦት የሚያልፍበት መንገድ መቆሸሽ የለበትም ብለው ነው። አስም ያለበት ጎረቤት የሚተነፍሰው አየርም ያን ያህል ክብር ይገባዋል።

አያቶቻችን ከተማቸውን ከሞት ለማዳን እሳት ለኮሱ። እኛ የወረስነው እሳቱን ብቻ ከሆነ፣ “እሳት አመድ ወለደ” የተባለው ስለ እኛ ነው። መጪው ኅዳር 12 ከመድረሱ በፊት በየቤታችሁ አንድ ነገር ወስኑ፦ መጥረጊያው ይውጣ፤ ክብሪቱ ከዕጣኑ ጋር እቤት ይቅር።